ከ6ኛ ወደ 7ኛ፦ በጎንደር ከተማ የመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አነጻጽሮ ለመምረጥ የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

ልጅ የ6ኛ ክፍል ፈተና ለመውሰድ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በጎንደር ሰፈሮች ሁሉ «7ኛን የት ይማር?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከለቅሶ ቤት ወይም ከማኅበር ጨዋታ ነው። «እዚያኛው ጎበዝ ነው፣ ዘንድሮ ሁሉንም አሳለፈ» ይባላል፤ ወላጅም ልጁን ይዞ ወደተባለው ይሮጣል። እኔም የመጀመሪያ ልጄን ያስመዘገብሁት እንዲሁ ነበር። ቤታችን አጠገብ ያለውን ትምህርት ቤት ትቼ፣ ስሙ በየቦታው ወደሚነሣ ራቅ ያለ ትምህርት ቤት ወሰድኋት፤ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ግን የሒሳብ መምህር አልተመደበላቸውም ነበር። የሒሳብ ደብተሯን የገለጥሁት ዘግይቼ ነው። ከሦስት ወር ትምህርት በኋላ የተጻፈበት አራት ገጽ ብቻ ሆኖ ሳገኘው፣ ለሁለተኛው ልጄ ስመርጥ በወሬ ሳይሆን በሥርዓት መሄድ እንዳለብኝ ተረዳሁ። ከዚህ በታች የቀረበው ያን ጊዜ የተከተልሁት፣ ከዚያም ጎረቤቶቼ ሲጠቀሙበት ያሻሻልሁት አሠራር ነው።

አስቀድሞ ግን የሚነጻጸረው ነገር ምን እንደሆነ መለየት ይገባል። አሁን በሥራ ላይ ባለው የትምህርት እርከን መሠረት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የመጀመሪያ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ነገር ግን በከተማችን 7ኛና 8ኛ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የሚገኙት ከታችኛዎቹ ክፍሎች ጋር በአንድ ግቢ፣ በአንድ ርዕሰ መምህር ሥር ነው። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት «ጥሩ ነው» ሲባል ምስጋናው ለታችኛዎቹ ክፍሎች መምህራን የሚገባ ሊሆን ስለሚችል፣ በእያንዳንዱ ጥያቄዎ ውስጥ «ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ብቻ» የሚለውን ቃል ማስገባት አይርሱ።

አንደኛ፦ ጊዜውንና እጩዎቹን መወሰን

ምዝገባ የሚካሄደው ክረምት ላይ ስለሆነ ብዙዎቻችን መጠየቅ የምንጀምረው ነሐሴ ሲገባ ነው። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም በነሐሴ ግቢው ባዶ ነው፣ መምህራኑም የሉም፣ የሚታየው ሣርና የተቆለፈ በር ብቻ ነው። ንጽጽሩን በሚያዝያና በግንቦት፣ ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት ይጀምሩ። ከሦስት የማይበልጡ ትምህርት ቤቶችን ይያዙ፤ ከነዚህም አንዱ የግድ ለቤትዎ ቅርብ የሆነው ይሁን። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቅድሚያ የሚሰጡት በአካባቢያቸው ለሚኖሩ ልጆች በመሆኑ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ቦታ ባይኖራቸው መመለሻዎ እርሱ ነው። በክፍለ ከተማዎ 7ኛና 8ኛን የሚያስተምሩት የትኞቹ እንደሆኑ የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይነግርዎታል። የሚፈልጉት ትምህርት ቤት በሌላ ክፍለ ከተማ ከሆነ፣ ለምሳሌ የሚኖሩት ማራኪ ሆኖ ያሰቡት ትምህርት ቤት አዘዞ ቢሆን፣ ከዚያ ወገን የሚመጡ ተማሪዎችን ይቀበሉ እንደሆነ አስቀድመው ርዕሰ መምህሩን ይጠይቁ።

ሁለተኛ፦ መንገዱን በእግር መሄድ

ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት፤ በካርታ አጭር የሚመስል መንገድ በእግር ሲሄዱት ሌላ ነው። ስለዚህ ከልጅዎ ጋር ሆነው ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ በልጁ እርምጃ ልክ፣ የደብተር ቦርሳውን አሸክመው መንገዱን ይሂዱት። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ዋናውን አስፋልት ስንት ጊዜ እንደሚያቋርጥ፣ ክረምት ላይ የሚሞላ ጅረት ወይም ቦይ በመካከል መኖሩን ይጻፉ። ቀሐንና አንገረብን ለሚያውቅ የጎንደር ሰው የመስከረም መጀመሪያ ዝናብ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሚያልፍ መንገድ ከሆነ ደግሞ ማጠናከሪያ ትምህርት ቅዳሜ ሊሰጥ ስለሚችል በገበያ ቀንም አንድ ጊዜ ይዩት።

ባጃጅ የግድ ከሆነ ወጪውን በቀን ሳይሆን በዓመት ያስሉት። አንድ ጉዞ 10 ብር ነው ብንል፣ ደርሶ መልስ 20 ብር፣ የትምህርት ቀኑን በግምት 200 ብንይዝ በዓመት 4,000 ብር ይመጣል። ሁለት ዓመት ሲሆን 8,000 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ በቅርቡ ትምህርት ቤት እየተማረ አጋዥ መጻሕፍት ሊገዛለትና በሒሳብ የሚያስጠና ሰው ሊቀጠርለት ይችል እንደሆነ ማመዛዘን ተገቢ ነው።

ሦስተኛ፦ «ስንት አሳለፈ?» የሚለውን ጥያቄ በትክክል መጠየቅ

ንጽጽሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት ሲነገር የሚጠቀሰው ከተፈተኑት ውስጥ ያለፉት ናቸው። ወላጅ ማወቅ የሚፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው፦ «ልጄ ዛሬ 7ኛ ክፍል ቢገባ ከሁለት ዓመት በኋላ 9ኛ የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል ነው?» እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንድ አይደሉም።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ትምህርት ቤቶችን «ሀ» እና «ለ» ብለን እንያዝ። በ«ሀ» 180 ልጆች 7ኛ ክፍል ተመዘገቡ፤ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ከእነርሱ መካከል 120 ተፈተኑ፣ 108 አለፉ። ከተፈተኑት ሲሰላ 90 በመቶ ነው፤ በየሰፈሩ የሚወራውም ይህ ቁጥር ነው። በ«ለ» ደግሞ 150 ተመዝግበው፣ 144 ተፈትነው፣ 115 አለፉ። ይህ ወደ 80 በመቶ ስለሚሆን «ለ» ከ«ሀ» ያነሰ ይመስላል። ከተመዘገቡት ሲሰላ ግን «ሀ» 60 በመቶ፣ «ለ» ወደ 77 በመቶ ነው።

ፍርድ ለመስጠት ግን እዚህም ላይ አይቸኩሉ። በ«ሀ» ያልተፈተኑት 60 ልጆች የት ሄዱ? ከእነርሱ 45ቱ ቤተሰቦቻቸው ሰፈር ለቅቀው መሸኛ ይዘው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የተዛወሩ ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱን በእነርሱ መጠየቅ አይገባም፤ ከቀሩት 135 ውስጥ 108 ማሳለፉ 80 በመቶ ስለሆነ «ሀ» ከ«ለ» አያንስም። 45ቱ 7ኛ ክፍልን እንዲደግሙ የተደረጉ ወይም ያቋረጡ ከሆኑ ግን የ90 በመቶው ዝና የተገነባው ደካሞቹን ከፈተናው በር ላይ በማስቀረት ነው ማለት ነው፤ ልጅዎ መካከለኛ ተማሪ ከሆነ ከቀሩት መካከል አንዱ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሮቹን ማግኘት የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። በብዙ ትምህርት ቤቶች የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተማሪዎች ቁጥር በየክፍሉ «ወ፣ ሴ፣ ድ» ተብሎ በሠንጠረዥ ተለጥፎ ይገኛል፤ መጠነ ማቋረጥና መጠነ መድገምም ብዙ ጊዜ ከጎኑ ተጽፎ ይታያል። ጥያቄዎን በክስ መልክ አያቅርቡ። «መምህር፣ ልጄን እዚህ ለማስመዝገብ እያሰብሁ ነው፤ የዛሬ ሁለት ዓመት 7ኛ የገቡት ስንት ነበሩ? ዘንድሮስ 8ኛን የሚፈተኑት ስንት ናቸው?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ በቂ ነው። ያልተፈተኑትን በሦስት ከፍለው ይጻፉ፦ የተዛወሩ፣ የደገሙ፣ ያቋረጡ። ሴቶችንና ወንዶችንም ለየብቻ ይያዙ፤ በድምሩ ጥሩ የሚመስል ውጤት ለሴቶቹ ብቻ ሲታይ ሌላ ገጽታ ሊኖረው ይችላል።

የተለያዩ ዓመታትን ውጤት እርስ በርስ ማወዳደር ደግሞ አያዋጣም። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ ወራት ባክነዋል፤ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ትምህርት በየቦታው ሲቋረጥ ቆይቷል። ስለዚህ የ«ሀ»ን የአንድ ዓመት ውጤት ከ«ለ» የዚያው ዓመት ውጤት ጋር ብቻ ያስተያዩ፤ የሚቻል ከሆነም ሁለት ተከታታይ ዓመታትን ይውሰዱ።

አራተኛ፦ የኢንስፔክሽን ደረጃውን ከፍሎ ማንበብ

ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ባለሙያዎች በ26 ስታንዳርዶች ተመዝነው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 የሚደርስ ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 የሚደርስ ደረጃ 3፣ 90 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ደረጃ 4 ይባላል። ከመቶው 25 ለግብዓት፣ 35 ለሂደት፣ 40 ለውጤት የሚያዝ ነው። ግብዓት ማለት ሕንፃው፣ መጻሕፍቱ፣ የሰው ኃይሉና የመሳሰለው ሲሆን፣ ሂደት ደግሞ መማር ማስተማሩና አመራሩ ነው።

ደረጃውን ብቻ ሰምተው አይመለሱ። ሁለት ትምህርት ቤቶች ሁለቱም ደረጃ 2 ሆነው፣ አንዱ በግብዓት 20፣ በሂደት 19፣ በውጤት 20፣ በድምሩ 59 ያገኘ፤ ሌላው በግብዓት 12፣ በሂደት 26፣ በውጤት 26፣ በድምሩ 64 ያገኘ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው አዲስ ሕንፃ ያለው፣ ማስተማሩ ግን የላላ ነው። ሁለተኛው ግድግዳው የተላላጠ፣ መምህራኑ ግን የሚሠሩ ናቸው። እኔ ብመርጥ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ግብዓት በበጀትና በኅብረተሰብ መዋጮ በአንድ ክረምት ሊሟላ ይችላል፣ የማስተማር ልማድ ግን እንዲህ በቶሎ አይለወጥም። ምዘናው የተካሄደበትን ዓመትና ከዚያ ወዲህ ርዕሰ መምህሩ ተለውጦ እንደሆነም ይጠይቁ።

አምስተኛ፦ መምህራኑን በትምህርት ዓይነት ማጣራት

«መምህራን አሏችሁ?» ብለው ቢጠይቁ «አሉ» ይባላሉ። ጥያቄው መሆን ያለበት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ሒሳብን ማን፣ እንግሊዝኛን ማን፣ ጄኔራል ሳይንስን ማን ያስተምራል፣ ዘንድሮ ትምህርቱ የተጀመረው በየትኛው ወር ነው የሚለው ነው። ልጄ ከደረሰባት በኋላ ይህን ጥያቄ ለማንም ወላጅ ሳልነግር አላልፍም።

ጄኔራል ሳይንስ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ለየብቻ ይሰጡ ነበር፤ በአዲሱ ግን በአንድ መጽሐፍ ተጠቃልለዋል። መምህሩ በኮሌጅ የተማረው ባዮሎጂ ከሆነ የፊዚክሱን ምዕራፍ እንዴት እንደሚያስኬደው ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ትምህርት ቤት ምዕራፎቹን ለሁለት መምህራን አከፋፍሎ ያስተምራል፤ ሌላው የሳይንስ መምህራኑ በየሳምንቱ እየተገናኙ እንዲረዳዱ ያደርጋል። ይህን ያሰበበት ርዕሰ መምህር ጥያቄውን ሲሰማ መልሱ ከአፉ ላይ ነው፤ ያላሰበበት ከሆነ ከፊቱ ይታወቃል። በተረፈ የወሊድ ፈቃድ የወጣች ወይም የተዛወረ መምህር ሲኖር ክፍለ ጊዜውን ማን እንደሚሸፍን መጠየቅ ነው።

ስድስተኛ፦ ግቢውን በእረፍት ሰዓት ማየት

ከጥበቃው ፈቃድ ጠይቀው በእረፍት ሰዓት ይግቡ፤ ትምህርት ቤት በሙሉ ገጽታው የሚታየው ያን ጊዜ ነው። በመጀመሪያ የአንድ 7ኛ ክፍል መቀመጫዎችን ይቁጠሩ። ኮምባይንድ ዴስኩ ስንት ነው፣ በአንዱ ላይ ስንት ልጅ ይቀመጣል? በአንድ ክፍል 50 ልጅ ለመምህሩም ለተማሪውም ከባድ ነው፤ ከ70 ካለፈ ግን መምህሩ የቤት ሥራ የማረም ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው።

ትምህርቱ በፈረቃ የሚሰጥ ከሆነ ክፍለ ጊዜው ስንት ደቂቃ እንደሆነ ይጠይቁ። 40 ደቂቃ የነበረው ወደ 35 ቢወርድ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ካለ ግን የሚጎድለው ሠላሳ ደቂቃ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የከሰዓት ፈረቃ ከሆነ ደግሞ ልጁ የሚለቀቀው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መሆኑንና መንገዱ ሩቅ ከሆነ ሲመሽበት እንደሚገባ ያስቡ።

ቀጥሎ ወደ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ይሂዱ፤ አባት ከሆኑ እናቲቱን ወይም እኅትዎን ይዘው ይምጡ። ይህን የምለው 7ኛ ክፍል ሴት ልጅ የወር አበባ የምታይበት ዕድሜ ስለሆነ ነው። አራት ነገር ይታያል፦ ከወንዶቹ ተለይቶ ራቅ ማለቱ፣ በሩ ከውስጥ መቆለፉ፣ ውኃ መኖሩ፣ ሴት ተማሪዎች ንጽሕናቸውን የሚጠብቁበት ክፍል መኖሩና ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ። በአንድ ትምህርት ቤት ክፍሉ በጥሩ ሁኔታ ተሠርቶ፣ ቁልፉ ግን ብዙ ጊዜ ቢሮው ከሚዘጋ ወንድ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ልጆቹም አንድም ቀን ገብተውበት እንደማያውቁ ነገሩኝ። በሌላው ክፍሉ ጠባብና ቆርቆሮ ሆኖ፣ ቁልፉ ከአንዲት መምህርት ዘንድ ነበር፣ በባልዲ ውኃም ተቀድቶ ነበር። በወር ሦስት ቀን የምትቀር ልጅ በዐሥር ወር ሠላሳ ቀን ትቀራለች፤ ይህም ስድስት ሳምንት ትምህርት ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት መሆኑንና የኮምፒዩተር ክፍሉ የሚሠራ መሆኑን በአንድ እግር ማየት ይበቃል። ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ካለዎት ግን የድጋፍ መስጫ ክፍል መኖሩንና የሠለጠነ መምህር መመደቡን ሳያረጋግጡ ከግቢው አይውጡ።

ሰባተኛ፦ ደብተር ማየት

ይህ እርምጃ ምንም ወጪና ፈቃድ የማይጠይቅ፣ እንደ እኔ እምነትም ከሁሉም የሚበልጥ ነው። በእያንዳንዱ እጩ ትምህርት ቤት 7ኛ ወይም 8ኛ የሚማር አንድ የጎረቤት ወይም የዘመድ ልጅ ይፈልጉ፤ ጎበዝም ሰነፍም ያልሆነ፣ መካከለኛ ቢሆን ይመረጣል። የሒሳብና የእንግሊዝኛ ደብተሩን ተውሰው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይዘርጉ።

በመጀመሪያ ቀኖቹን ይከታተሉ። በየገጹ ራስጌ ቀን ተጽፎ ከሆነ፣ በአንድ ወር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ይቁጠሩ፤ ልጁ ሳይቀር ረጅም ክፍተት ከታየ መምህር አልነበረም ማለት ነው። ከዚያ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት መጨረሻ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደደረሱ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ያመሳክሩ፤ ጥር ሲያልቅ የመጽሐፉ ሲሶ ላይ ያለ ክፍል ሰኔ ላይ መጨረሱ ያጠራጥራል። በመጨረሻ ቀይ እስክሪብቶውን ይፈልጉ። ጎን ለጎን ካየኋቸው ደብተሮች አንዱ በየገጹ ትልቅ የ«ራይት» ምልክት ነበረበት፣ ስሕተቱ ግን ሳይነካ ታልፏል፤ 3 ሲቀነስ 8 ያለውን ልጁ 5 ብሎ ጽፎት መምህሩ ራይት አድርጎለት ነበር። የሌላው ደብተር የታረመው ከሦስት የቤት ሥራ አንዱ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን የመቀነስ ምልክቱ የቀረበት ቦታ ተከብቦ፣ ከጎኑ «እንደገና ሥራ» ተብሎ፣ ልጁም ከሥር አስተካክሎ ሠርቶት ነበር። ልጄን ያስገባሁት ሁለተኛው ደብተር ወደመጣበት ትምህርት ቤት ነው፤ በኢንስፔክሽን ከሌላው ዝቅ ያለ ነጥብ ነበረው።

ስምንተኛ፦ መወሰንና መመዝገብ

የሰበሰቡትን በአንድ ወረቀት ላይ በሦስት ዓምድ ይጻፉ። ነጥብ ሰጥቶ መደመርን አልመክርም፤ መምህር የሌለው የሒሳብ ክፍል በጥሩ ቤተ መጻሕፍት አይካካስምና። ይልቁንም በቅድሚያ ማስቀሪያ የሚሆኑትን ያውጡ፦ ልጁን ለአደጋ የሚያጋልጥ መንገድ፣ ለወራት ያለ መምህር የቆየ ዋና ትምህርት፣ ለሴት ልጅ የማይሆን መጸዳጃ። ከእነዚህ አንዱ ያለበት ትምህርት ቤት በሌላው ሁሉ ቢያምርም ይሰረዝ። የቀሩትን በደብተርና ከተመዘገቡት በተሰላው ውጤት ይለዩ። ሁለቱ ተቀራራቢ ከሆኑ ቅርቡን ይውሰዱ፤ ለወላጅ ስብሰባ የሚደርሱበት፣ ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር የሚተዋወቁበት ትምህርት ቤት እርሱ ነው።

ለምዝገባ የ6ኛ ክፍል ውጤት ካርድ፣ ከነበረበት ትምህርት ቤት መሸኛ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የወላጅ የቀበሌ መታወቂያና የልጁን ጉርድ ፎቶግራፍ ያዘጋጁ። መሸኛው ማኅተም ያረፈበት መሆኑንና የልጁ ስም ፊደል በካርዱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዚያው ቆመው ያረጋግጡ፤ «ኃ» እና «ሀ» ተለዋውጠው በ8ኛ ክፍል ፈተና ፎርም ላይ ሲገኙ ማስተካከሉ ብዙ ያመላልሳል።

ልጁ ከገባ በኋላም ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ዓርብ ዓርብ ማታ የሒሳብ፣ የእንግሊዝኛና የጄኔራል ሳይንስ ደብተሮቹን ይግለጡ። መስከረም አልቆ ከሦስቱ አንዱ ባዶ ከሆነ በቅድሚያ የክፍሉን ኃላፊ መምህር፣ ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩን ያነጋግሩ፤ በሁለት ሳምንት መፍትሔ ካልተገኘ ጉዳዩን በወላጅ መምህር ኅብረቱ በኩል በጽሑፍ ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ለከተማው ትምህርት መምሪያ ያቅርቡ፤ የደብዳቤውንም ግልባጭ «ገቢ ሆኗል» አስብለው፣ ቀንና ቁጥር አስጽፈው ይያዙ።